«ካልነካችሁት አይነካችሁም» ላሉን፦ የልጆቻችን ትምህርት ቤት አስቤስቶስ ይውጣ ወይስ እዛው ይጠበቅ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ትናንት የፊላዴልፊያ ስኩል ዲስትሪክት በአስቤስቶስ (የድሮ ሕንፃ ውስጥ ያለ፣ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ምክንያት የፌደራል ክስ እንደቀረበበት የሚያወራውን ዜና እዚህ ብለጥፍ አንድ ወንድማችን «ካልነካችሁት አይነካችሁም፣ ወላጅ አታሸብሩ» ብሎ በአንድ መስመር ዘጋኝ፣ ላይኩም ጎረፈለት። የጁን 2025 ክስ ነው እኮ፣ ሀሜት አይደለም። ስምንት ክስ። ከ2015 እስከ 2023 ድረስ ሕጉ የሚያዘውን ፍተሻ በጊዜው አላደረጋችሁም ነው የተባሉት። እና ሄዶ ያላየው ሰው «አልተነካም» ብሎ የሚምለው በምን አውቆ ነው?

ቦይለር ቤት፦
ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እለዋለሁ። ሥራዬ የሕንፃ ጥገና ነው፣ ጎግል አድርጌ አይደለም የማወራው። ፍሎር ታይል ወይም ሲሚንቶ ውስጥ የታሰረ አስቤስቶስ ደህና እስከሆነ ድረስ ብናኙ አየር ላይ አይወጣም። የሚገድለው ሲፈረፈር፣ ሲቆረጥ፣ ሲበሳ የሚበንነው ነው። ኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ራሱ ማንሳት ሁልጊዜ አይመረጥም የሚለው ለዚህ ነው፣ ተዝረክርኮ የተነሳ አስቤስቶስ ያልነበረ ብናኝ ያመጣል። እዚሁ ፊላዴልፊያ ያለውን ቤን ፍራንክሊን ሃይስኩልን ረሳችሁት? 2019 ላይ በኮንስትራክሽኑ መሀል ነው ጉዱ የወጣው፣ ሕንፃው ተዘግቶ ወደ 1000 የሚጠጋ ተማሪ ተንከራተተ።

ሞፕና ባልዲ፦
«ካልነካችሁት» 😂 ማነው እሱ የማይነካው? እኔ ማታ ማታ አንድ ትምህርት ቤት ነው የማፀዳው፣ ስሙን አልጠራም እንጀራዬ ነው። ኮሪደሩ የድሮው ዘጠኝ ኢንች ታይል ነው፣ የተነቀለበት ጋ ከስሩ ጥቁር ሙጫ ይታያል፣ ሙጫውም ራሱ ሊኖርበት ይችላል። ዋክስ ስታነሳ አርጥበህ፣ ለስላሳ ፓድ ገጥመህ፣ በደቂቃ ከ300 ዙር በታች በሚዞር ማሽን ነው ይላል መመሪያው። ጎበዝ መመሪያ። በሩ አካባቢ ግን ልጆቹ ሲመላለሱ ዋክሱን ጨርሰውታል፣ ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ ለነገ እንዲያበራ በፈጣኑ ማሽን ደረቁን አስኪደው ይልሃል። ዋክስ በሌለበት ያ ማሽን ምኑን የሚፍቅ ይመስልሃል? ከዛ በደረቁ ጥረግ። በየቀኑ እየነካነው ነው ወንድሜ።

ቦይለር ቤት፦
ይሄ እኮ የኔን ነው የሚያጠናክረው፣ ጥፋቱ የሱፐርቫይዘርህ እንጂ የታይሉ አይደለም። ሥልጠናውን አልወሰድክም? ለካስቶዲያን፣ ለፅዳት ሠራተኛ ማለት ነው፣ ሁለት ሰዓት ግዴታ ነው።

ሞፕና ባልዲ፦
ወስጃለሁ። ቪዲዮ ከፈቱልን፣ ፈርሙ አሉን፣ ፈረምን። አብሮኝ ከሚሰራው ግማሹ እንግሊዝኛው ላይ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። የሚነካካ ሠራተኛ ደግሞ ተጨማሪ 14 ሰዓት አለው አሉ፣ እኔ ግን በወረቀት ላይ «የማይነካ» ስለሆንኩ አይመለከተኝም። ያቺ አባባልህ ቢሮ ውስጥ ምን እንደምትሠራ አየሃት?

ጠበቃ አይደለሁም፦
ሁለታችሁም አንድ ሕግ ላይ ነው የምትጣሉት። አሄራ ይባላል፣ የ1986 ነው። አስቤስቶስ ያለበት ትምህርት ቤት በየሦስት ዓመቱ በባለሙያ ይፈተሻል፣ በየስድስት ወሩ ደግሞ ይታያል፣ የት የት እንዳለና በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚገልፅ ማኔጅመንት ፕላን እዛው ቢሮ ይቀመጣል። ሕጉ አውጡት አይልም፣ ጠብቁት ነው የሚለው። ፕላኑን ማንም ወላጅ መጠየቅ ይችላል። ለመሆኑ እዚህ ከምትጮሁት ማን ጠይቆ ያውቃል?

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ። ፊት ለፊት የተቀመጠችዋ ልጅ ምን እንደሆነም አታውቅም፣ ዲስትሪክት ደውዪ አለችኝ፣ ዲስትሪክቱ ትምህርት ቤቱን ጠይቂ አለኝ።

ጠበቃ አይደለሁም፦
በቃል አይሆንማ እህቴ፣ በፅሁፍ አስገቢ። ከጠየቅሽበት ቀን ጀምሮ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ሊያሳዩሽ ግድ ነው።

አራዳው ፊሊ፦
ኧረ ተረጋጉ። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ የመርከብ ቦይለር ሲጠግን ኖሮ 80ን አልፏል፣ ሲጋራውንም አላቆመም። እናንተ በታይል ታለቅሳላችሁ።

ነርሷ፦
አጎትህን እግዜር ይጠብቃቸው፣ ግን አንድ ሰው ስላመለጠ ማስረጃ አይሆንም። የአስቤስቶስ በሽታ 20፣ 30፣ 40 ዓመት ቆይቶ ነው የሚመጣው። በዛ ላይ ሲጋራና አስቤስቶስ አንድ ላይ ሲሆኑ የሳንባ ካንሰሩን አደጋ ያባዙታል፣ ሜሶቴሊዮማ (የሳንባ ሽፋን ካንሰር) ግን አጫሽ አላጫሽ አይልም። በስድስት ዓመቱ የተነፈሰ ልጅ ብናኙን ተሸክሞ ስንት ዓመት እንደሚኖር አስበው።

አራዳው ፊሊ፦
እሺ ዶክተር።

ነርሷ፦
ነርስ ነው ያልኩት፣ ማንበብ ደግሞ ነፃ ነው።

ብሮንክስ፦
ኢንስፔክሽን ኢንስፔክሽን የምትሉት ደግሞ ትገርሙኛላችሁ። ኒውዮርክ በ1993 ሴፕቴምበር ላይ ትምህርት የዘገየው ለምን ነበር? ተፈትሿል የተባለው የአስቤስቶስ ፍተሻ የማይታመን ሆኖ ተገኝቶ እኮ ነው፣ ስንቱ ልጅ ከሳምንት በላይ ቤቱ ተቀመጠ። ወረቀት ያለበት ሁሉ ፍተሻ አይደለም።

የለንደኑ፦
እዚህም ያው ነው። እንግሊዝ በ1999 ከልክላለች፣ የድሮው ግን በየትምህርት ቤቱና በየሆስፒታሉ አለ፣ መርሁም ልክ እንደ ቦይለር ቤት ነው፣ ደህና ከሆነ ተወው። በ2022 የፓርላማው ኮሚቴ መኖሪያ ካልሆኑ ሕንፃዎች በ40 ዓመት ውስጥ ይውጣ ብሎ ነበር፣ መንግሥት የጊዜ ገደብ አልቀበልም አለ። 40 ዓመት እንኳን በዛባቸው።

ቦይለር ቤት፦
እናንተ የምትሉት ነገ ጠዋት ይውጣ ነው። እሺ ይውጣ፣ ልጆቹ የት ይግቡ? በ2023 እዚሁ ፊላዴልፊያ ፍራንክፎርድ ሃይስኩል በአስቤስቶስ ሲዘጋ ልጆቹ ምን እንደሆኑ አላየንም? ማንሳት ማለት እኮ ክፍሉን በፕላስቲክ አሽገህ፣ አየሩ ወደ ውጪ እንዳይወጣ በማሽን እየሳብክ፣ እያረጠብክ፣ በመጨረሻ አየሩን አስመርምረህ ነው። ርካሽ ኮንትራክተር ከያዝክ ከመነሻውም ይብሳል። ለዚህ ነው ካልነካችሁት ያልኩት።

ሞፕና ባልዲ፦
ጣሪያው ሲያፈስስ? ውሃው የፓይፑን ሽፋን አበስብሶት ሲረግፍስ? እሱንም እኛ ነካነው? ዝናቡን አትንካ በለው እስቲ።

ቦይለር ቤት፦
ያኔ ይጠገናል አልኩህ እኮ! የተጎዳው ይጠገናል ወይ ይነሳል፣ ያልተጎዳው ይቆያል። ምኑ ነው የማይገባው?

የሁለት ልጆች እናት፦
የማይገባኝ መጎዳቱን ማን ያያል የሚለው ነው። ክሱ እኮ አላያችሁም ነው የሚለው። ቅጣታቸው ደግሞ ምን ሆነ? ለአምስት ዓመት በፍርድ ቤት ክትትል ስር ሆነው ካስተካከሉ ክሱ ይነሳላቸዋል። እኔ የመኪናዬን ኢንስፔክሽን ሳሳልፍ እንደዚህ ይራሩልኛል?

አራዳው ፊሊ፦
ታዲያ ገንዘብ ቢቀጧቸው ከማን ኪስ ይወጣ መሰለሽ፣ ከኛው ታክስ።

የገረመኝ፦
ይቅርታ ካላችሁበት ላውጣችሁና፣ ትምህርት ቤቱ ቢያንስ ሕግ አለው። የኛ ቤተክርስቲያን የገዛው የድሮ ሕንፃስ? ሰንበት ትምህርት ቤቱ ያለው ቤዝመንት ነው። ባለፈው ክረምት አሮጌውን ቦይለር ወጣቶች ተሰብስበው በበጎ ፈቃድ አፈረሱት፣ በመጋዝ፣ ያለ ማስክ። ነጭ ነጩን ሽፋን በጥቁር ፌስታል አድርገው ከቆሻሻ ጋር አወጡት። ልጄ ከነሱ አንዱ ነበር።

ሰበካ አባል፦
ወገኖቼ፣ የደብራችንን ጉዳይ አደባባይ ማውጣት ደስ አይልም። ልጆቹ በፍቅር ነው የሠሩት፣ ደብሩንም ብዙ ወጪ አድነውታል። ነጩ ነገር አስቤስቶስ ለመሆኑ ማን መረመረው?

ነርሷ፦
ጋሼ፣ ጥያቄው እኮ እሱ ነው። ከመፍረሱ በፊት ነበር መመርመር ያለበት።

ጠበቃ አይደለሁም፦
አሄራ ሰንበት ትምህርት ቤትን አይነካም፣ ልክ ነው። ሕንፃ ለማፍረስና ለማደስ ግን ሌላ የፌደራል ሕግ አለ፣ ቀድሞ ማስመርመር ይጠይቃል።

ቦይለር ቤት፦
አዩ ጋሼ፣ እኔ የምለው ይሄን ነው! ባይነኩት ኖሮ እዛው በሰላም ይቀመጥ ነበር።

ሞፕና ባልዲ፦
ምን እንደሆነ ሳያውቁ እንዴት ነው የማይነኩት? ያወቀ እኮ ነው የሚጠነቀቅ። ምልክት የለጠፈበት አለ? ለልጆቹ የነገራቸው አለ? አንተ «አትንኩ» ትላለህ፣ ምኑን እንደሆነ ግን አትናገርም።

ቦይለር ቤት፦
ምልክት ይለጠፍ አላልኩም? ወደ ላይ ሂድና አንብብ።

ሞፕና ባልዲ፦
አነበብኩ፣ የለም።

ብሮንክስ፦
በመሀል አንድ ጥያቄ፣ ቤቴ ያ ፖፕኮርን የሚባለው ጎርበጥባጣ ሲሊንግ (ኮርኒስ) አለ፣ የ70ዎቹ ቤት ነው፣ ቅዳሜ ልፍቀው አስቤ ነበር።

ነርሷ፦
ኧረ እንዳታደርገው! መጀመሪያ ናሙና ላብ ይግባ።

ሰበካ አባል፦
የደብሩን ነገር ከዚህ ግሩፕ አውጡት ብያለሁ፣ በጉባኤ ይነሳል።

የገረመኝ፦
ጋሼ፣ ቤዝመንቱ ውስጥ የቀረው ፓይፕ ይመርመርልን ነው ያልኩት፣ ሰበካ ጉባኤው ይውረድ አላልኩም።

አራዳው ፊሊ፦
እሱንም ባለፈው ዓመት ብለኸው ነበር 😂