«ለወሬ ብር የለውም»

ጠባሴ፦ ዛሬ የጤና መድን ማሳደሻ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አንዲት እናት ተነስተው «ልጄ እንቅልፍ ካጣ ከረመ፣ የሚያማክረው ባለሙያ በመድኑ ያይልኛል ወይ?» ብለው ጠየቁ። መድረክ ላይ ያለው ሰውዬ ሳቅ ብሎ «መድኑ ለመድኃኒት እንጂ ለወሬ ብር የለውም» አላቸው። ሰዉም አብሮ ሳቀ። እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ።

የመንዝ ልጅ፦ አነጋገሩ ይከፋል እንጂ ምን አጠፋ? በየዓመቱ እናዋጣለን፣ ስንታመም «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ነው። የስኳርና የግፊት መድኃኒት ሳይሟላ ለሚያወራ ሰው እንክፈል?

ሲስተር፦ ለሚያወራ ሰው? የሳይካትሪ ነርስ ነኝ፣ ቀን ሙሉ ሳወራ ነው የምውለው። ካርዱ፣ ላብራቶሪው፣ ኪኒኑ ይጻፋል። አንድ ሰው ፊቴ አርባ ደቂቃ ቢያለቅስ ግን እኛ ጋ በሚሞላው ፎርም ላይ የሚጻፍበት መስመር የለም። ወረፋው ደግሞ ኮሪደሩን ሞልቶታል። ምን ላድርግ፣ አሚትሪፕቲሊን የሚባለውን የድባቴ ኪኒን ጽፌ እሸኛለሁ።

የመንዝ ልጅ፦ እህቴ፣ አንቺን አይደለም። በየፎቁ ክፍል ተከራይተው ሶፋ የዘረጉትን የግል አማካሪዎች ነው። ኪኒን ይቆጠራል፣ መርፌ ይቆጠራል። ወሬ በምን ይቆጠራል? አስር ጊዜ መጣ ብሎ ቢያስፈርምስ?

ሲስተር፦ በቀጠሮ ይቆጠራላ! የእርግዝና ክትትል በምን ይቆጠራል?

ጠባሴ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ስንት ሶፋ ቆጠርክ?

የመንዝ ልጅ፦ ሁለት።

ጠባሴ፦ አንዱ ፀጉር ቤት ነው 😂 ሳይኮሎጂ የተመረቀው የጎረቤቴ ልጅ ሞባይል ይጠግናል፣ ሶፋ ቢኖረው በሸጠው። ደግሞ የመድኑ ውል በብዛት ከመንግሥት ተቋም ጋር ነው። ባለሙያውን ጤና ጣቢያ ቅጠሩልን ነው ያልነው።

ሮቢት፦ አጣዬ በ2013 ስትቃጠል የነበረች የአክስቴ ልጅ አለች። ዛሬም በር ሲንኳኳ ክው ትላለች። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ውሰዷት ተባልን። ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ለምክር በየሳምንቱ ማን ይመላለሳል? ኪኒኑማ እዚሁ አለ። ስትውጠው ትተኛለች፣ ስትነቃ ያው ናት።

ቆሎ ተማሪ፦ ጻድቃኔ ማርያም ውሰዷት። እዚያ ፎርም የለም።

ሲስተር፦ ጸበል የሚጠመቁ ታካሚዎች አሉኝ። መድኃኒቱን አታቋርጡ ነው የምላቸው።

ቆሎ ተማሪ፦ እኔ አቋርጡ አልኩ? ምነው ጸበል ሲነሳ ሁላችሁም ዶክተር ትሆናላችሁ?

የመንዝ ልጅ፦ ወደ ጉዳያችን። እኔ አሞኝ አያውቅም። ለሰው ጭንቀት የምከፍልበት ምክንያት ይነገረኝ።

አባ መላ፦ ልጄ፣ የእድር ስትከፍል ሬሳ አለህ ወይ ተብለህ ታውቃለህ? 2003 ላይ ይሄ መድን በ13 ወረዳ ለሙከራ ሲጀመርም «ሳልታመም ለምን እከፍላለሁ» የሚል ሞልቶ ነበር። ያው ሰው ነው ዛሬ ደብተሩን ይዞ የሚሰለፈው።

የመንዝ ልጅ፦ እድር ድንኳን አለው ጋሼ፣ ይታያል። ወሬ አይታይም።

ሮቢት፦ የሷ ድንጋጤ ይታያል። ና እና እይ።

ሲስተር፦ ጠባሴ፣ እናትየዋ ግን አሳደሱ?

ጠባሴ፦ አሳደሱ። ብሩን ከመቀነታቸው ፈተው ቆጥረው ሰጡ። የተቀበላቸው ያው የሳቀው ሰውዬ ነው።

የመንዝ ልጅ፦ ሁለተኛው ሶፋ ግን ፀጉር ቤት አይደለም።