የዕቅድ ውይይት፦ በነባሩ የኢሜይል ሰርቨር ላይ የአይፒ አድራሻዎች አደረጃጀት (ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ፣ ረቂቅ 1)

አስተባባሪ፦
ረቂቁን ከፍቻለሁ፤ ከጉባኤው በፊት አብረን እናርመው። ያለን አንድ ሰርቨር ነው፦ ሴንትኦኤስ 6 (የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም)፣ ፖስትፊክስ 2.6.6 (ኢሜይል የሚልከውና የሚቀበለው ፕሮግራም)። የአባላት ደብዳቤ፣ የጅምላ ማስታወቂያ እና የሲስተም መልእክት (የይለፍ ቃል መቀየሪያ፣ የክፍያ ማረጋገጫ) ሁሉም በአንድ አድራሻ ይወጣሉ። በጅምላው ማስታወቂያ ላይ ቅሬታ ሲበዛ የይለፍ ቃል መቀየሪያውም አብሮ ይታገዳል። ረቂቁ ያቀረበው መፍትሔ አምስት አድራሻ ተከራይቶ ወጪ መልእክትን በተራ ማከፋፈል ነው። ምን ትላላችሁ?

የሜይል ክፍል፦
በተራ ማከፋፈሉ ይውጣ። ችግሩን ከአንድ አድራሻ ወደ አምስት ያሰፋዋል እንጂ አይፈታውም። ቅሬታው በሁሉም ላይ ይደርሳል፣ አምስቱም ስማቸው ይበላሻል። ግሬይሊስቲንግ (የማያውቁትን ላኪ መጀመሪያ የማዘግየት ዘዴ) የሚጠቀሙ ተቀባዮች ጋም ይጋጫል። እነሱ የላኪውን አይፒ፣ የላኪውንና የተቀባዩን ኢሜይል አንድ ላይ መዝግበው የመጀመሪያውን ሙከራ በጊዜያዊ ስህተት ይመልሳሉ። ሁለተኛው ሙከራ በሌላ አይፒ ከመጣ እንደ አዲስ ይቆጠርና መልእክቱ ወረፋ ላይ ይከርማል።

የኔ ሐሳብ ሦስት አድራሻ ነው፣ እያንዳንዱ የማይለወጥ አንድ ሥራ ይዞ። ለምሳሌ 192.0.2.25 መቀበያና የአባላት ደብዳቤ መላኪያ፣ 192.0.2.26 ለሲስተም መልእክት፣ 198.51.100.27 ለጅምላ። የጅምላው ከሌላ የአድራሻ ክልል ቢሆን ይሻላል፤ አንዳንድ የእገዳ መዝገቦች አድራሻን ብቻ ሳይሆን ክልሉን በሙሉ ይዘጋሉ።

አስተባባሪ፦
ሦስት ይሁን። ፖስትፊክስ ላኪውን እያየ አድራሻ እንዲመርጥ ማድረግ አንድ መስመር ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እንደዚያ ብለን እንጻፍ?

የሜይል ክፍል፦
እኛ ጋ አይሠራም። በላኪው ስም ትራንስፖርት (የመላኪያ መንገድ) የሚመርጠው ሰንጠረዥ የገባው በ2.7 ነው። በ2.6 ያለው በላኪው መሠረት ሪሌይሆስት (አስተላላፊ ሰርቨር) የሚመርጠው ብቻ ነው፤ እሱ መልእክቱ ወዴት እንደሚሄድ እንጂ ከየትኛው አድራሻ እንደሚወጣ አይወስንም። ደግነቱ ፖስትመልቲ (በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ፖስትፊክስ የሚያስተዳድረው መሣሪያ) የመጣው በ2.6 ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አድራሻ የራሱ ኮንፊግ፣ ወረፋና የዳታ ማውጫ ያለው የተለየ ኢንስታንስ (ራሱን ችሎ የሚሠራ ፖስትፊክስ) እንፈጥራለን። ከአንድ መስመር ይልቅ ሥራው ይበዛል፤ ግን የጅምላው ወረፋ ሲጨናነቅ የሲስተሙን አይነካም።

ረቂቁ ላይ መግባት ያለባቸው ዝርዝሮች፦ ነባሩ ኢንስታንስ በሁሉም አድራሻ ላይ ፖርት 25ን (የኢሜይል መቀበያውን በር) ይዞ ከቆየ አዲሶቹ «አድራሻው ተይዟል» ብለው አይነሱም። መጀመሪያ የነባሩን ኢኔት ኢንተርፌስ (የሚያዳምጥባቸውን አድራሻዎች የሚወስነውን መስመር) በ127.0.0.1 (ሎፕባክ፣ የማሽኑ የውስጥ አድራሻ) እና በ192.0.2.25 መገደብ ያስፈልጋል። ይህን መስመር ከቀየራችሁ በኋላ ሪሎድ (ኮንፊጉን ዳግም ማስነበብ) አይበቃም፣ ማጥፋትና ማስነሳት ግድ ነው። በፖስትመልቲ የተፈጠረ አዲስ ኢንስታንስ ደግሞ የኔትወርክ አገልግሎቱ ተዘግቶ ነው የሚጀምረው፤ ይህን ያላወቀ ሰው ፋየርዎሉን ሲፈትሽ ይውላል።

የወጪ አድራሻው በየኢንስታንሱ በግልጽ ይጻፍ። ፖስትፊክስ ራሱ የሚመርጠው የሚያዳምጠው አድራሻ አንድ ብቻ ሲሆንና ያም ሎፕባክ ሳይሆን ሲቀር ነው። በነባሩ ግን ሁለት ናቸው። እዚያ ላይ የወጪ አድራሻውን በዋናው ኮንፊግ አታስቀምጡት፤ በማስተር ፋይሉ የኤስኤምቲፒ (የመላኪያው ክፍል) መስመር ሥር ይግባ፣ በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ ሳይኖር። በዋናው ከገባ ወደ አማቪስ (የቫይረስና የአይፈለጌ መልእክት ማጣሪያው) የሚሄደውም ግንኙነት በ192.0.2.25 ይወጣል፤ አማቪስ ደግሞ ሌላ ካልተነገረው በቀር የሚቀበለው ከ127.0.0.1 ነው። ያኔ ሁሉም መልእክት ቆሞ ይቀራል።

የደህንነት ክፍል፦
ይህ ረቂቅ እንዳለ ቢጸድቅ ሰርቨሩን ለጎረቤቶቻችን ክፍት እናደርገው ነበር። ከ3.0 በፊት ባለው ፖስትፊክስ የታመኑ ኔትወርኮች ካልተጻፉ በነባሪነት የሚታመነው ሰርቨሩ ያለበት ሰብኔት (የአድራሻ ክልል) በሙሉ ነው። 198.51.100.27ን በ/24 ማስክ (256 አድራሻ ያለው ክልል) ስንጨምር እዚያ ክልል ውስጥ የተከራየ ማንኛውም ማሽን ያለ ይለፍ ቃል በእኛ በኩል መላክ ይችላል። ሎጉ ላይም ስህተት ሆኖ አይታይም፣ የተለመደ ደንበኛ ይመስላል። ስለዚህ አድራሻው የኔትወርክ ካርዱ ላይ ከመግባቱ በፊት የታመኑት በስም ይጻፉ፦ 127.0.0.0/8 እና ሦስቱ አድራሻዎቻችን እያንዳንዳቸው በ/32 (አንድ አድራሻ ብቻ)። ከዚያ በፖስትኮንፍ (ቅንብሩን በሚያሳየው ትዕዛዝ) አውጥታችሁ በዓይናችሁ እዩት። ይህ ነጥብ ረቂቁ ላይ ከሁሉም ፊት ይቀመጥልኝ።

የኔትወርክ ክፍል፦
እስማማለሁ፣ ቀድሞ ይምጣ። ከእኔ ወገን ሁለት ነገር አለ። የጅምላው አድራሻ ከሌላ ክልል ከሆነ ከእሱ የሚወጣው ትራፊክ በነባሩ ጌትዌይ (መውጫ በር) እንዳይሄድ የራሱ የራውቲንግ ሰንጠረዥና «ከዚህ አድራሻ ከሆነ በዚህ ሰንጠረዥ» የሚል ደንብ ያስፈልገዋል። አለዚያ አከራዩ የምንጭ አድራሻ የሚያጣራ ከሆነ ፓኬቱ ያለ ምንም መልስ ይጣላል፤ እኛ የምናየው ታይምአውት ብቻ ነው።

ሁለተኛው፦ 192.0.2.25 ዋና፣ 192.0.2.26 ተከታይ አድራሻ ይሆናል። በሊኑክስ ዋናውን ስታስወግዱ በዚያው ሰብኔት ያሉ ተከታዮች አብረው ይወገዳሉ፤ ይህን የሚከለክለው የፕሮሞት ሰከንደሪስ ቅንብር በከርነሉ ነባሪ ዋጋው 0 ነው። ከርቀት ገብቶ የሚሠራ ሰው ግንኙነቱ ሊቋረጥበት ይችላል። ቅንብሩን 1 እናድርገው፣ ማሽኑ ሲነሳም እንዲጸና በሲስሲቲኤል (የከርነል ቅንብር) ፋይሉ ይጻፍ። አድራሻዎቹን ለማየትም አይኤፍኮንፊግ የተባለውን ትዕዛዝ አትመኑት፤ ያለ ስያሜ የተጨመረ ተከታይ አድራሻ አያሳይም።

አስተባባሪ፦
ከጉባኤው የሚመጣውን ጥያቄ አሁኑኑ ላንሳው። ሴንትኦኤስ 6 ድጋፉ በኅዳር 2020 (እ.ኤ.አ.) አብቅቷል። ለምን በቀጥታ አዲስ ሰርቨር አንገዛም?

የሜይል ክፍል፦
እንገዛለን፣ ሁለተኛው ምዕራፍ እሱ ነው። ነገር ግን ሥራዎቹ በአድራሻ ከተለዩ በኋላ ዝውውሩ አንድ በአንድ ይሆናል፦ መጀመሪያ የጅምላው፣ ቀጥሎ የሲስተሙ፣ መጨረሻ ዋናው። አድራሻው ራሱ ስለሚሄድ ያካበተው ስም፣ ፒቲአሩ (አይፒውን ወደ ስም የሚመልሰው መዝገብ) እና ኤስፒኤፉ (በእኛ ስም መላክ የሚፈቀድላቸውን አድራሻዎች የሚዘረዝረው መዝገብ) አብረው ይሄዳሉ። አሁን ባለው ሁኔታ ከዞርን ግን ሦስቱንም በአንድ ሌሊት መገልበጥ ነው፣ እሱን አልደግፍም።

የኔትወርክ ክፍል፦
በዝውውሩ ቀን ራውተሩ የድሮውን ካርድ ማክ አድራሻ (የካርዱን መለያ ቁጥር) ይዞ ይቆያል፤ በሲስኮ ራውተር ነባሪው የቆይታ ጊዜ 4 ሰዓት ነው። አዲሱ ሰርቨር አድራሻውን እንደያዘ በአርፒንግ ትዕዛዝ ለሰብኔቱ ያሳውቅ። ገቢ ደብዳቤ ይጠፋል ብሎ የሚሰጋ ካለ፣ ደረጃውን የሚከተሉ ላኪ ሰርቨሮች ለ4 ወይም ለ5 ቀን እየደጋገሙ ይሞክራሉ። የአንድ ሰዓት መቋረጥ ያዘገያል እንጂ አያጠፋም።

የዲኤንኤስ ኃላፊ፦
ቅደም ተከተሉ ላይ ይህን ጨምሩ፦ አንድም መልእክት ከአዲሶቹ አድራሻዎች ከመውጣቱ በፊት ስም ወደ አይፒ፣ አይፒም ወደዚያው ስም መመለስ አለበት፤ ኢንስታንሱ በሄሎ (ግንኙነት ሲከፍት በሚልከው ሰላምታ) የሚጠራው ስምም ያው ይሁን። ፒቲአሩን የሚያስገባው የአይፒው ባለቤት ስለሆነ በእኛ ዞን ፋይል አይፈታም፣ ለአከራዩ መጠየቅ ይኖርብናል። ኤስፒኤፍ ላይ ሦስቱን በቀጥታ በቁጥራቸው (በአይፒ4) እጽፋቸዋለሁ፤ እነሱ ከ10ሩ የዲኤንኤስ ጥያቄ ገደብ አይቆጠሩም። ኤምኤክሱ (ገቢ ደብዳቤ ወዴት እንደሚደርስ የሚያመለክተው መዝገብ) አይነካም፣ ወደ መጀመሪያው አድራሻ ብቻ እንዳመለከተ ይቆይ፤ ተመላሽ መልእክትም የሚመጣው እዚያው ነው።

የፒቲአሩን ጥያቄ ዛሬ አስገባለሁ። የቀረኝ ለሲስተሙና ለጅምላው ኢንስታንስ የምትሰጧቸው የሆስት ስሞች ናቸው፤ ማመልከቻው ያለ እነሱ አይሄድም፣ እስከ ከሰዓት ላኩልኝ።