ራሱ የሚቆልፍ ካራቢነር፦ የቱን ልግዛ?

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን አካባቢ ቤት ላይ ያዘነበለ ባህር ዛፍ በገመድ ወጥቼ እቆርጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ዛፍ ላይ ሆኜ ሳይ፣ በእጄ ያጠበቅሁት የካራቢነሬ (ገመዱን የማያይዝበት፣ የሚከፈት በር ያለው የብረት መንጠቆ) ቁልፍ ሙሉ በሙሉ ተፈቷል። ገመዱ እየታከከው ነው። የሚችለው ጉልበት ጎኑ ላይ ተጽፏል፦ በሩ ሲዘጋ 22፣ ሲከፈት ግን 7 ኪሎ ኒውተን ብቻ። እስካሁን ልቤ አልተመለሰም።

አሁን ራሱ የሚቆልፍ ልገዛ ብዬ ሁለት ዓይነት ላይ ተቸግሬ ቀረሁ። አንዱ ጠምዘዝ ሲደረግ ይከፈታል። ፈጣን ነው፤ ግን እሱንም ገመድ ወይም ቅርንጫፍ ሊከፍተው ይችላል። ሌላው ቀለበቱ መጀመሪያ ወደ ላይ ተገፍቶ፣ ከዚያ ተጠምዝዞ ነው በሩ የሚከፈተው። ልቤ ወደዚህ ያደላል።

ግን የጠዋቱን ብርድ ታውቁታላችሁ። ጓንት አድርጌ በአንድ እጅ ይከፈትልኛል? የዛፉ ሙጫና አቧራስ ቀለበቱን ይዞ ግማሽ ላይ ቢያስቀረው? የሞከራችሁት እባካችሁ ንገሩኝ፤ በምን ታጸዱታላችሁ? ሰኞ ሌላ ዛፍ ይጠብቀኛል።