ራሱን ለሳተ ሰው የሚደርስ አፕ እየሠራሁ ነው፣ ሐሳብ ስጡኝ

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? ሶፍትዌር ተምሬ አምና ጨረስኩ፣ ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው። ክረምት ላይ በተከራየሁበት ግቢ አንድ ልጅ ትራማዶል (የሕመም ማስታገሻ ኪኒን) ውጦ፣ በላዩ አረቄ ጠጥቶበት ራሱን ሳተ። ያንኮራፋል። «ሞቅ ብሎት ነው፣ ይተኛበት» ተባለ። ከንፈሩ መጥቆር ሲጀምር ግቢው ተተራመሰ፤ አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ይዟል፣ አንዷ ውሃ ትደፋበታለች፣ አከራያችን «ወተት አምጡ!» እያሉ ይጮኻሉ፣ እኔ ደግሞ ስልኬን ይዤ ጎግል ላይ እየጻፍኩ ነበር። ልጁ በባጃጅ ተወስዶ ተረፈ። እኔን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

አፑን የጀመርኩት ለዚህ ነው። አሜሪካኖች በ2016 እ.ኤ.አ. በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣናቸው በኩል ውድድር አውጥተው ነበር፤ ኦዲ ሄልፕ የሚባል አፕ አሸንፎ 40,000 ዶላር ወሰደ። ሐሳቡ፣ ናሎክሶን (እንደ ሞርፊን ያለ መድኃኒት በዝቶበት ትንፋሹ ለሚጠፋ ሰው የሚሰጥ ማርከሻ) የያዘ ሰው አጠገቡ አንድ ሰው ሲወድቅ ስልኩ እንዲጠራው ነው። እኔም ካርታውንና ምዝገባውን ሠርቻለሁ። ማርቆስ ላይ ፈቃደኛ የት ላግኝ?

ሲስተር ከቡሬ፦
ጎሽ ወንድሜ። ግን ካርታህ ላይ የሚታይ ሰው አታገኝም። እኔ በምሠራበት ሐኪም ቤት ናሎክሶን በመርፌ የሚሰጥ ነው፣ ያውም ተቆልፎበት። አሜሪካኖቹ በአፍንጫ የሚረጨውን ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለ ማዘዣ ይገዙታል። እኛ ጋ ማን በኪሱ ይዞት ይዞራል?

መድኃኒቱን ለጊዜው ተወውና ትንፋሹን ያዝ። ትራማዶልም ሞርፊንም ሲበዛ የሚገድለው አንጎል መተንፈሱን ስለሚዘነጋ ነው፣ አረቄው ያባብሰዋል። ያ ማንኮራፋት እንቅልፍ አልነበረም፤ ጉሮሮው እየታፈነ ነበር። የዓይኑን ብሌን ብታየው እንደ መርፌ ጫፍ ጠብቦ ታገኘው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥምህ ጮኸህ ጥራው፣ ደረቱ መሃል ያለውን አጥንት በጨበጥከው እጅህ አጥብቀህ እሸው። ካልነቃና ትንፋሹ ከጠፋ፣ ወይም አንዴ መጥቶ ቆይቶ የሚመጣ ከሆነ፣ ግንባሩን ወደ ኋላ አገጩን ወደ ላይ አድርገህ፣ አፍንጫውን ይዘህ፣ በየ5 ሰከንዱ አንድ ትንፋሽ በአፉ ስጠው። በደንብ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኛው። ወተት ግን በፍጹም! ራሱን በሳተ ሰው አፍ የፈሰሰ ወተት ሳንባ ነው የሚገባው።

ትራማዶል ሌላም ተንኮል አለው። እንደሚጥል በሽታ ያንፈራግጣል፣ ናሎክሶንም የሚሠራበት በከፊል ነው። ሲንፈራገጥ ማንኪያ አፉ ውስጥ አትክተቱ፣ ጨምቃችሁም አትያዙት። ደግሞ ነቃ ብላችሁ ወደ ቤት እንዳትሸኙት። ናሎክሶን ቢያገኝ እንኳ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው የሚቆይለት፤ የዋጠው ኪኒን ከዚያ በላይ ደሙ ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

ባለ ሦስት እግሩ፦
እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። አንድ ቀን መንገድ ዳር የወደቀ ልጅ ጭኜ ሐኪም ቤት አደረስኩ። «የት አገኘኸው? ምን አጠጣኸው? ስልክህን አምጣ» እየተባልኩ እስከ ማታ ተቀመጥኩ። የቀን ገቢዬ ቀረ፣ ለባጃጁ ባለቤት ከኪሴ ከፈልኩ። አሁን ሰው ወድቆ ሳይ መጀመሪያ ግራ ቀኝ ነው የማየው፣ አልዋሻችሁም። እና አንተ ልጅ፣ አፕህ ስምና ስልክ ቁጥር ከጠየቀኝ እዘጋዋለሁ።

ኮደር ባሕር ዳር፦
ባለ ባጃጁ ልክ ነው፣ ምዝገባውን አውጣው። አሜሪካኖች እንኳ ለእርዳታ የደወለ ሰው ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር ተያይዞ እንዳይከሰስ በብዙ ግዛቶቻቸው ሕግ አውጥተዋል፤ ሰው ፈርቶ ጥሎ ስለሚሸሽ።

ሁለተኛው ነገር፣ አፕህ ያለ ዳታ ይሠራል? በ2016 ዓ.ም. ስንት ወር ሙሉ ያለ ሞባይል ኢንተርኔት እንደኖርን ረሳኸው እንዴ? ሁሉም ስልኩ ውስጥ ይቀመጥ፣ ጽሑፍ ሳይሆን ድምፅ ይሁን። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አንቀጽ አያነብም። ባለ ቁልፍ ስልክ ለያዘው ደግሞ ደውሎ የሚሰማበት መንገድ አስብለት። ገበሬው 8028 ደውሎ ስለ ዘርና ማዳበሪያ በአማርኛ ሲሰማ ኖሯል፣ እሱን ማንም አፕ አውርድ አላለውም።

የማርቆስ ልጅ፦
ካርታው 2 ወር ፈጅቶብኝ ነበር፣ ትናንት ማታ አጠፋሁት። (አመመኝ፣ አልደብቅም።) አሁን ሲከፈት አንድ ትልቅ ቀይ ቁልፍ ብቻ ነው። ሲነካ «ጮኸህ ጥራው» ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ ስልኩ በየ5 ሰከንዱ ድም እያለ ይንቀጠቀጣል፤ ሲስተር እንዳሉት ትንፋሹን ለመቁጠር። የቀይ መስቀልን የአምቡላንስ ቁጥር 907 ታች አድርጌዋለሁ። ባለ ባጃጅ፣ ስምህን አይጠይቅም።

የቸገረኝ ድምፁ ነው። ራሴ ቀዳሁት፣ እህቴ ሰምታ «ዜና እያነበብክ ነው?» አለችኝ። ሲስተር፣ እርስዎ ቢቀዱልኝስ?

ሲስተር ከቡሬ፦
ቅዳሜ ተረኛ አይደለሁም፣ ና። ግን መጀመሪያ ትንፋሽ አሰጣጡን አንተ ራስህ ካላሳየኸኝ አልቀዳልህም። አሻንጉሊት ካጣህ ትራስ ይዘህ ና።