የጭነት መኪና ጎማ ከ12.00 አር 20 ወደ 315/80 አር 22.5 መቀየር ያዋጣል?

ባለመኪና (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ተሳቢ ያላቸው ሦስት መኪኖች አሉን፣ በባቲና ሚሌ አድርገው ጅቡቲ ይመላለሳሉ። አሁን የገጠሙት ባለ ካላማደሪያ 12.00 አር 20 ነው። ጎማ ሻጩ ግን ቱብለስ (ያለ ካላማደሪያ የሚሠራ) 315/80 አር 22.5 ይሻልሃል እያለኝ ነው። አንዱ መኪና ከነተሳቢው 22 ጎማ ይፈልጋል፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ የጎማ ዋጋ ራስ ያዞራል። እውነት ያዋጣል? የሞከራችሁ ንገሩኝ።

ጎሚስታው (ደሴ)፦
አብሽር ወንድሜ። የጎማውን ዋጋ ብቻ ይዘህ እንዳትደምር። የ22.5 ኢንች ጎማ 20 ኢንች ቸርኬ ላይ አይገባም፣ ስለዚህ ቸርኬም ትገዛለህ። ካላማደሪያ ግን ከወጪህ ይወጣል። ቱብለስ ውስጡ የሚፋተግ ካላማደሪያ ስለሌለ ሙቀት ይችላል፤ ሚስማር ቢወጋውም ብዙ ጊዜ ቀስ እያለ ነው የሚተነፍሰው። የሚሌን ሐሩር ለሚያውቅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ቸርኬው ከተጣመመ አየር አይዝም፣ መንገድ ላይ የሚያቃናልህ ደግሞ ሁሌ አታገኝም።

ሹፌር (ወልዲያ)፦
315/80 ከፍታው 1076 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ 12.00 ወደ 1125 ይጠጋል። ስለዚህ የመኪናውን ጎማ ከቀየርክ ቆጣሪው 100 ኪሎ ሜትር ሲልህ የሄድከው 96 ገደማ ነው፤ ይሄን ካላረምክ የነዳጁም የጎማውም ሒሳብ ይበላሻል። ሁለቱን መጠን ባንድ አክስል እንዳትቀላቅል፣ ትልቁ ሸክሙን ብቻውን ይይዝና ይፈነዳል።

ባለመኪና (ኮምቦልቻ)፦
ተባረኩ። ተሳቢው ላይ ሰፊውን 385/65 በነጠላ ባስገባስ? ከ12 ወደ 6 ይወርድልኛል።

ጎሚስታው (ደሴ)፦
ለኛ አገር ጭነት አልመክርህም። 315/80 ላይ 156/150 የሚል የሸክም ቁጥር ታያለህ፤ 150 ማለት በጥንድ ሲገባ አንዱ 3350 ኪሎ ይችላል ነው። ባንድ አክስል አራቱ 13.4 ቶን። 385/65 ላይ 160 ካለ 4500 ኪሎ ነው፣ ሁለቱ 9 ቶን። አንዱ ቢፈነዳም አጠገቡ የሚደግፈው የለም።

ባይሆን የአንዱን ተሳቢ 12 ጎማ ብቻ በ315 ቀይርና ሞክረው። የመኪናው ጎማ ስላልተነካ ቆጣሪው አይዋሽህም። ትርፍ ጎማ ግን በሁለት ዓይነት መያዝ አለብህ። ጥርሱ ሲያልቅ ቸርኬውን ጨምረህ ወጪውን ለሄደው ኪሎ ሜትር አካፍል፤ 20 ከመቶ ተወዶ 30 ከመቶ ብልጫ ከሄደ አዋጣህ። ስትገዛ የጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን 4 አሃዞች እይ፣ 2523 ካለ በፈረንጆቹ 2023 በ25ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። የከረመ ጎማ በቅናሽ ቢሉህም አትውሰድ። አየሩን ደግሞ ጠዋት ከኮምቦልቻ ሳትነሳ፣ ጎማው ሳይግል አስለካ። ሚሌ ላይ ጨመረ ብሎ የሚያስተነፍስ ሹፌር ካለህ ዛሬውኑ ንገረው፤ ጠርዝ ጠርዙ ተበልቶ እኔ ጋ የሚመጣው ጎማ አየር አንሶት የሄደ ነው።