መርከቤ ባርናርድ ኮከብ ላይ ቆመችብኝ፤ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ካልተፈታ አለቀልኝ

የአዘዞው ልጅ (ምሽት 2:14)
ሰላም ቤቶች፣ እባካችሁ ቶሎ። ዘግተነው ብንወጣም በራሱ የሚያመርተው የጠፈር ጌም ላይ መርከቤ ባርናርድ ኮከብ ደርሳ ማዕድን እያወጣች ነበር። ከምሽቱ 1:40 ላይ ወጣሁ፣ ወዲያው ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። አሁን ስገባ ምርቱ ዜሮ! ከኮከቡ ሥር በቀይ «-05:30» ይላል። የሳምንቱ ውድድር ዛሬ ሌሊት 6 ሰዓት ይዘጋል። ጎንደር ዛሬ ዳታው ደካማ ነው፣ ከዚያ ይሆን? ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው ኮከብ ላይ እንዲህ ከሆነ ሌሎቹ ላይ ምን ልሆን ነው? 2:10 ላይ ያነሳሁትን የስክሪን ፎቶ አያይዣለሁ።

ቀሃ
ካሽ አጽዳ። ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ጌሙን ንካ፣ ስቶሬጅ፣ ክሊር ካሽ። ከዚያ ስልኩን አጥፍተህ አብራ።

ሎዛ
መርከቢቱ ማክሰኝት ላይ ሰው እየጫነች ይሆናል፣ ትንሽ ታገሳት 😄

መምህሩ
በመጀመሪያ «ከሁሉ የሚቀርበው» የሚለው ይታረም። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ የሚቀርበው ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ነው፣ 4.24 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በዓመት የሚጓዘው ርቀት) ይርቃል። ባርናርድ 5.96 ነው። ፕሮክሲማን ጨምሮ ሦስቱን የአልፋ ሴንታውሪ ኮከቦች እንደ አንድ ቤተሰብ ከቆጠርን ቀጥሎ የሚመጣው እሱ ነው፤ ጓደኛ ኮከብ ከሌላቸው ደግሞ ከፀሐይ በኋላ ቀዳሚው ነው። ስሙን ያገኘው ከኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ ነው። ባርናርድ በ1916 እ.ኤ.አ. የተለያዩ ዓመታት ፎቶዎችን አስተያይቶ ኮከቡ በሰማይ ላይ ከሌሎቹ ሁሉ ፈጥኖ እንደሚጓዝ አሳየ። በዓመት 10.3 የቅስት ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ይሄዳል፤ የጨረቃን ስፋት የሚያህል ለመጓዝ 175 ዓመት ገደማ ይበቃዋል። በእኛ ሰማይ ላይ ይህን ያህል ሲሮጥ የሚታይ ሌላ ኮከብ አልተገኘም። ጌሙም መርከቦቹን እዚያ መላኩ ያስመሰግነዋል።

ዳሽን
እኔ ጌሙ ተበላሽቷል ብዬ አላምንም። ባርናርድ ቀይ ድንክ፣ ማለትም ትንሽና ደብዛዛ ኮከብ ነው። ክብደቱ የፀሐይን 16 በመቶ ገደማ ነው፣ የሚያወጣው ጉልበት ግን ከፀሐይ 300 ጊዜ ያህል ያንሳል። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ማዕድን ማውጫ እዚያ ብታቆም ምርቱ መቀነስ አለበት። የኑክሌር ማሽን ተክልበት፣ ችግሩ ይፈታል።

የአዘዞው ልጅ
@ዳሽን ወንድሜ አልቀነሰም እኮ፣ ዜሮ ነው ያልኩህ! የኑክሌሩን ከተከልኩ ሳምንት አልፎታል። @ቀሃ ካሹን አጸዳሁ፣ ያው ነው፤ አሁን -05:21 ይላል።

ፈጣኑ
የስልክህን ሰዓት 6 ሰዓት ወደፊት ግፋው፣ ምርቱ ሁሉ በአንዴ ይገባልሃል። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ቀሃ
ካሹ እምቢ ካለ ክሊር ዳታ በለው።

ሰዓሊት
ክሊር ዳታ እንዳትነካ!! ካሽ ጊዜያዊ ፋይል ነው፣ ቢጠፋ ምንም አይደለም። ዳታ ግን የተጫወትከው በሙሉ ነው፤ ክላውድ ላይ ካላስቀመጥከው ሲጠፋ አይመለስም።

አሁን ፎቶህን ተመልከት። 2:10 ማታ አነሳሁት ብለሃል፣ ከመስኮቱ ውጭም ጨለማ ነው። ከስክሪኑ ጥግ ያለው ሰዓት ግን «2:10 ፒኤም» ይላል። ይህ ለስልኩ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ10 ነው። ባትሪው ካለቀ በኋላ ሰዓቱን ማን ነካው?

የአዘዞው ልጅ
ወንድሜ ነው ያስተካከለልኝ፣ ሲበራ 8 ሰዓት ይል ስለነበር። ግን 2:10 ልክ አይደለም እንዴ?

ሰዓሊት
ለእኛ ልክ ነው፣ ለጌሙ አይደለም። ስልኩ ጂኤምቲ+3 (የእኛ የሰዓት ቀጠና) ላይ ሆኖ ሳለ ሰዓቱ በእጅ 6 ሰዓት ወደኋላ ተመለሰ። ጌሙ ስትወጣ 1:40ን በፈረንጅ አቆጣጠር 19:40 ብሎ መዝግቧል። ስትመለስ ስልኩ 14:10 አለው። ከ14:10 ላይ 19:40 ሲቀነስ -05:30 ይመጣል፣ ቀዩ ቁጥር እሱ ነው። ገና ያልወጣ ሰው ምርት የለውም ብሎ ነው ዜሮ የሰጠህ። ኢንተርኔቱም ኮከቡም ንጹሕ ናቸው።

ዝም ብለህ ብትጠብቅ የስልኩ ሰዓት 19:40 የሚደርሰው ሌሊት 7:40 ላይ ነው። ውድድሩ ከተዘጋ በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ፦

1. ምንም ሳትሰበስብና ክላውድ ላይ ሳታስቀምጥ ውጣ። ክፍት ከሆኑት አፖች ዝርዝር ውስጥም ጠርገህ አውጣው። በተሳሳተ ሰዓት የተቀመጠ ሴቭ ከ19:40ው ያረጀ ይመስላል፤ ብዙ ጌሞች ደግሞ የሰዓት ምልክቱ አዲስ የሆነውን ሴቭ ስለሚመርጡ አሁን የሠራኸው ሊዋጥብህ ይችላል።
2. ሴቲንግ ውስጥ የቀንና ሰዓት ገጽ ግባ። ሁለት ማብሪያ አሉ፣ አንዱ ሰዓቱን ሌላው የሰዓት ቀጠናውን በራሱ የሚያስተካክል። ሁለቱንም አብራ።
3. ጥግ ላይ 8 ሰዓት ከምናምን ፒኤም ማለቱን በዓይንህ አረጋግጥ። ኔትወርክ አልሰጥ ካለህ በእጅህ አስገባው፤ ቀጠናው አዲስ አበባ፣ ጂኤምቲ+3 ይሁን።
4. ዳታ ከፍተህ ጌሙን አስጀምር። ከ1:40 ጀምሮ ያለው ምርት በመደመር ምልክት መምጣት አለበት።

@ፈጣኑ ያልከውን አይሞክረው። ወደፊት የገፋው ሰዓት ሲመለስ ያው ቅናሽ ይመጣበታል፣ ጌሙ ከሰርቨር ሰዓት ጋር የሚያስተያይ ከሆነ ደግሞ ከውድድሩ ሊያስወጣው ይችላል።

ሎዛ
እኔም ስልኬን በሐበሻ ሰዓት ነው የማየው፣ በፈረንጅ ካደረግኩት ቀጠሮ ይምታታብኛል። መላ የለውም?

ሰዓሊት
አለው። ሰዓቱን በራሱ የሚያስተካክለው እንደበራ ይቆይ። የቀጠናውን ማብሪያ ብቻ አጥፊና ቦነስ አይረስን ምረጪ፣ ጂኤምቲ-3 ነው። ከእኛ በትክክል 6 ሰዓት ይዘገያል፤ በ12 ሰዓት አቆጣጠር ሲታይ የሐበሻ ሰዓት ይሆናል። ቀኑም የሚቀየረው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው፣ እንደኛው። ኤኤም ፒኤም የሚለውን አትይው። ስልኩ ውስጥ ያለው እውነተኛ ሰዓት አይነካም፣ ጌምም ሆነ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየሩት የመግቢያ ኮዶች አይበላሹም። ካሌንደር ላይ በፈረንጅ ሰዓት የተያዘ ቀጠሮ ካለሽ ግን 6 ሰዓት ተቀንሶ እንደሚታይሽ አስቢ።

ቀሃ
ካሽም ማጽዳት አይከፋም።

ደረጀ ዘጎሃ
ቆይ፣ ይሄ ነገር የሰማይ ካርታ አፕንም ይነካል? እኔም ሰዓቱን በእጅ ነው የሞላሁት። ባርናርድን በቴሌስኮፕ ስፈልግ አፑ ባሳየኝ በኩል ምንም የለም።

መምህሩ
በደንብ ይነካል። ሰማይ በ24 ሰዓት አንድ ዙር ስለሚዞር የ6 ሰዓት ስህተት ሩብ ዙር ነው። አፑ አናት ላይ አለ ያለህ ኮከብ አድማስ ሥር ሊሆን ይችላል። ሰዓቱን አስተካክልና ኦፊዩከስ የሚባለውን የክዋክብት ስብስብ ፈልግ። በዓይን ደብዘዝ ብላ የምትታይ 66 ኦፊዩኪ የምትባል አለች፣ ባርናርድ ከእሷ አንድ ዲግሪ እንኳ አይርቅም። ድምቀቱ 9.5 ስለሆነ (ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ኮከቡ ይደበዝዛል) በዓይን አይታይም፣ 7 ሴንቲሜትር ሌንስ ያለው ቴሌስኮፕ ግን ይበቃዋል። በቴሌስኮፑ የዓይን በኩል ከሚገቡት ሌንሶች የሚሊሜትር ቁጥሩ ትልቅ በሆነው ጀምር፣ 25 ሚሊሜትር ካለህ እሱን። ከጎንደር ሲታይ እስከ 82 ዲግሪ ይወጣል፣ አናት ላይ ነው ማለት ይቻላል። መስከረም ላይ ደመናው ሲገለጥ፣ ምሽት 1 ሰዓት አካባቢ ከፒያሳ መብራት ራቅ ብለህ እይ። ጥቅምት ከገባ ወደ ምዕራብ ስለሚያዘነብል አትዘግይ። ደማቅ ቀይ ነገር አትጠብቅ፤ የምታየው አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ነው። ቦታዋን ከጎረቤቶቿ ጋር በወረቀት ሣልና አስቀምጥ፣ በሚቀጥሉት ዓመታት ሥዕሉን ስታስተያየው ወደ ሰሜን መሄዷን ራስህ ትለካዋለህ።

ዳሽን
የሰዓቱን ነገር አላስተዋልኩም ነበር፣ ሰዓሊት ትክክል ነሽ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ውድድሩን ካለፍክ ባርናርድ ላይ ሰው ለማስፈር ማዕድን አታባክን። በ2024 እና በ2025 እ.ኤ.አ. የተረጋገጡት አራቱ ፕላኔቶች ሁሉም ኮከቡን ተጠግተው ነው የሚዞሩት፤ የቅርቡ በ2.3 ቀን፣ የሩቁ በ6.7 ቀን ዙሩን ይጨርሳል። ውሃ የሚቆይበት ቀጠና ከዚያ ወዲያ ነው፣ የተገኙት ሁሉ ለሰው እጅግ ይሞቃሉ።

ሰዓሊት (ምሽት 4:35)
@የአዘዞው ልጅ፣ ሊዘጋ 1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ቀረው። ቁጥሩ ወደ መደመር ተመለሰ?