ኮሽም ያብባል እንጂ አያፈራም፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ፣ ግቢዬ ውስጥ አንድ የኮሽም ተክል አለ። በደንብ ያብባል፣ ፍሬ ግን አልያዘም። ማዳበሪያ አንሶት ይሆን? ከጎኑ አጋም ልጨምር አስቤያለሁ፤ ከዘር ይበቅላል?

መልስ 1፦ ማዳበሪያው ይቆይ። ኮሽም ወንዱና ሴቱ በአብዛኛው በየራሳቸው ተክል ላይ ናቸው፤ ብቻውን የቆመ ተክል ብዙ ጊዜ አያፈራም። አበባውን ቀረብ ብለው ይዩት። ብናኝ የተሸከሙ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ብቻ ካሉት ወንድ ነው፤ መሐሉ ላይ ትንሽ አረንጓዴ እንቡጥ ካለው ሴት ነው። የችግኝ ጾታ ሳያብብ አይለይም፣ ስለዚህ ከ4 እስከ 6 ችግኝ ይትከሉ። ሲያብቡ ትርፍ ወንዶቹን ነቅሎ አንዱን ማስቀረት ነው።

መልስ 2፦ አጋም ከዘር ይበቅላል፤ ግን ዘሩ አይቀመጥም። ጠቁሮ የበሰለውን ፍሬ ጨምቀው፣ ሥጋውን በውኃ አጥበው፣ ወዲያው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ይዝሩት። ውኃ የሚቋጥር አፈር ሥሩን ያበሰብሳል፤ አሸዋ ይቀላቅሉበት። ችግኙን ክረምት ሲገባ ይትከሉ። ለአጥር ከሆነ ከ50 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር፣ ለፍሬ ከሆነ 2 ሜትር ያራርቁት።

መልስ 3፦ አንድ ነገር ልጨምር፦ አጋም የሚያብበው ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነው። እንደ ጽድ አጥር በየጊዜው ከከረከሙት አጥሩ ያምራል፣ ፍሬው ግን ይቀራል። መቁረጥ ካለብዎ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ፣ ያውም ያረጀውን ግንድ ከሥር። እሾሁ አይምሬ ነው፤ ወፍራም የቆዳ ጓንት ያስፈልጋል።